ያልታወቀ ፋይል ከመከፈቱ በፊት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ ወይም ስለ ቦይ እንድናገር ጠብቃችሁ እንደ ሆነ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። የዛሬው ጉዳይ በየዕለቱ በጣታችን ጫፍ የምንሠራው አንድ ትንሽ ሥራ፣ ይኸውም ምንጩን የማናውቀውን ፋይል አውርዶ መክፈት ነው። የምነሣውም ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወንበርማ ወረዳ፣ ከሽንዲ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ፣ ለአነስተኛ የመስኖ ቦይ የከፍታ ልኬት ወስደን ነበር። ልኬቱን ወደ ኮምፒዩተር ካስገባሁ በኋላ የንድፍ ፕሮግራም አስፈለገኝ። ፈቃዱን ለመግዛት አቅም ስላልነበረን፣ አንድ ባልደረባዬ ከኢንተርኔት ያወረደውን «የተሰበረ» ቅጂ በፍላሽ ሰጠኝ። አብሮት የነበረው መመሪያ «ከመጫንህ በፊት ጸረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ሌባ «ውሻህን እሰርልኝ» ቢል የሚታዘዝ ባለቤት ይኖራልን? እኔ ግን ታዘዝሁ። በማግሥቱ የልኬት ሠንጠረዦቹ ሁሉ ተቆልፈው፣ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተቀምጦ አገኘሁ። ያዳነን በእርሳስ የተጻፈው የመስክ ደብተር ነው። ቁጥሩን እንደ ገና ለማስገባት ዘጠኝ ቀን ፈጀብን፤ ገበሬዎቹ ግን ቁፋሮው ክረምት ሳይገባ እንዲያልቅ ይጠብቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ኮምፒዩተሩ ታመመ» አልኋቸው፤ እውነቱን ለመናገር አፈርሁ።

የፋይል ስም ሁለት ክፍል አለው፤ ስሙና ከነጥቡ በኋላ የሚመጣው ቅጥያ። የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው ቅጥያው ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን የታወቁትን ቅጥያዎች እንደ ልማዱ ይደብቃል። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል በዚሁ ተጠቅሞ ነበር፤ «ቲኤክስቲ» የሚለው የጽሑፍ ቅጥያ እየታየ፣ እውነተኛው «ቪቢኤስ» ተሸሽጓል።

ወደ አገራችን ሰዎች ስንመጣ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በውጭ አገር ለነበሩ የኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ የተላከው ፋይል ለጣቢያው የተጻፈ መጣጥፍ ይመስል ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በየካቲት ወር እንደ ገለጸው፣ ፋይሉ የፒዲኤፍ መልክ የለበሰ ፕሮግራም፣ ውስጡም ሀኪንግ ቲም ከተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ የመነጨ የሚመስል የስለላ መሣሪያ ነበር። መጣጥፍ መቀበል ለጋዜጠኛ የዕለት ሥራ ነው። ለእኛም እንደዚሁ የጨረታ ሰነድና የሥራ ዝርዝር መቀበል የዕለት ሥራችን ነው።

በሽንዲ አካባቢ ለምንሠራ አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ፋይል የሚጓዘው በሰው ኪስ ነበር። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደን ፋይል በማይታይ ማኅተም ያትመዋል። ወርድ ፋይሉን በጥበቃ ሥር የሚከፍተው፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ማክሮ የተባሉትን የተደበቁ ትእዛዞች በራሱ የሚያግደው ይህንኑ ማኅተም አይቶ ነው። በፋት32 አሠራር የተሰናዳ ፍላሽ ግን ማኅተሙን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ቡሬ ላይ የወረደው ፋይል ሽንዲ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ታጥቦ፣ እዚያው እንደ ተጻፈ ሰነድ ይከፈታል። ይህን ያወቅሁት ከጥፋቴ በኋላ ነው።

አሁን በቢሮዬ ቅጥያዎች ሁሉ እንዲታዩ አድርጌአለሁ፤ ያልጠበቅሁት ፋይል ሲመጣ ላኪውን በስልክ እጠይቃለሁ። የተጠራጠርሁትን ቫይረስቶታል በተባለው ገጽ አስመረምራለሁ፤ ነገር ግን እዚያ የተጫነ ፋይል ሌሎችም ሊያዩት ስለሚችሉ የጨረታ ሰነድ አልልክበትም። የልኬቱ ቅጂ በተለየ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ዲስኩም ሲገለበጥበት ካልሆነ በቀር ከኮምፒዩተሩ ጋር አይገናኝም። የመስክ ደብተሩንም አልተውሁትም።