የእርሻ አይጥ፦ መኖሪያው፣ ምግቡና የመከላከያው ጊዜ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለውርጌሳና አካባቢዋ አባላት የቀረበ ንግግር)




አበው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ። ማሽላው በአይጥ ሲቆረጥ አንዳንድ አርሶ አደር ጥፋቱን በእርከኑ ላይ ጥሎ፣ ስንት የተደከመበትን ድንጋይ ለማፍረስ ይነሣል።

ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በትግራይ ደጋማ ማሳዎች እርከን በተቀራረበበት ቦታ አይጥ እንደሚበዛ አሳይቷል። የድንጋዩ ክፍተት ከጭልፊትና ከድመት ይሸሽገዋል፤ በዳሩ የሚበቅለው ሣርም ይቀልበዋል። ሆኖም እርከኑ ከፈረሰ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። አይጥ ከሚበላው ይልቅ ጎርፍ የሚወስደው አይመለስም።

በአገራችን ማሳዎች በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነት አይጦች ናቸው። አንደኛው በቀን የሚወጣው የሣር አይጥ ነው፤ በሣር መካከል ጠባብ መንገድ እያወጣ ሣር፣ አገዳና ዘር ይበላል። ሁለተኛው በሌሊት የሚወጣው ባለ ብዙ ጡት አይጥ ነው፤ እህል፣ ቅጠልና ነፍሳት ይመገባል። ይህኛው ዝናብን ተከትሎ ይራባል። እርግዝናው 3 ሳምንት ያህል ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ሊወልድ ይችላል። በሰኔ ጥቂት የነበረው በአጨዳ ጊዜ መንጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሥራው ሳይራባ በፊት ይጀመር፦

1. ክረምቱ ሳይገባ የወሰንና የእርከን ዳር ቁጥቋጦ ይመንጠር፤ የድንጋዩ ክፍተት በጠጠርና በአፈር ይደፈን፤ ጉድጓዱም ይቆፈር።

2. አጎራባች ማሳዎች በአንድ ሳምንት አብረው ይሠሩ። አንዱ አጽድቶ ጎረቤቱ ከተወ አይጡ ድንበር ተሻግሮ ይመለሳል።

3. አገዳ የከብት መኖ ነውና ይቃጠል አይባልም። ከማሳው ተነሥቶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይከመር። የጎተራው እግርም ቆርቆሮ ይልበስ።

4. መርዝ ያለ ባለሙያ ምክር አይበተን። የሞተው አይጥ ይቀበር፤ ያለዚያ አይጥ የሚያድኑልን ድመትና ጉጉት በልተውት ያልቃሉ።

አንድ አባል ብቻውን አይጥን አያሸንፍም፤ ማኅበር የተመሠረተውም እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ዳዋው ይመታ፤ እርከኑ ግን ይቁም።

መልካም የምሥረታ በዓል!