መምህርን ማን ያስተምረዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከክፍላችን ተማሪዎች ምን ለመሆን ታስባለህ የተባለ ሁሉ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ነጋዴ ይላል። መምህር እሆናለሁ የሚል ጥቂት ነው፤ መምህራንን አስተምራለሁ የሚል ግን አልሰማሁም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስሙ ስለማይነሣው ሥራ ነው።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ ዜማውን ስለ ዐወቀ ብቻ ወንበር አይዘረጋም፤ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄዶ አስመስክሮ ይመለሳል እንጂ። አባቶቻችን ማወቅና ማስተማር ሁለት መሆናቸውን ተረድተው ነበር።

በዘመናዊው ትምህርት ግን (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ) የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። የራሳችንን መምህራን ማሠልጠን የተጀመረው ከጠላት ወረራ በኋላ፥ በ1944፥ በዚያው ግቢ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ነበሩ፤ ከ1969 እስከ 1974 የዩኒቨርስቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በኋላም በዓለም ባንክ የትምህርቱን ክፍል መሩ። ሰው የሚያነሣላቸው ፕሬዚዳንትነታቸውን ነው። በእኔ አስተያየት ግን ዲንነታቸው ይበልጣል፤ መምህራንን የሚያዘጋጅ ሰው ረግጦት በማያውቀው አውራጃ፥ ስማቸውን በማያውቃቸው ልጆች ክፍል ይገባልና።

ወደ ሠፈራችን ስንመለስ፥ በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከእንጦጦ ተራሮች በታች ኮተቤ አለ። ለብዙ ዘመን የመምህራን ኮሌጅ ሲባል ቆይቶ በ2016 ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርስቲ፥ በ2022 ደግሞ የትምህርት ዩኒቨርስቲ ተባለ። ስሙ ወደ ቀድሞ ግብሩ መመለሱ ደስ ያሰኛል።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስተምር ሰው ሥራው ምንድን ነው? ዕጩው መምህር በየትምህርት ቤቱ ሲለማመድ እርሱ ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ ያያል። የተጠየቀው የፊት ልጅ ብቻ ነው ወይስ የኋላውም? ልጁ ሲሳሳት ምን ተባለ? መልሱን እስኪያስብ ቆዩለት ወይ? ከዚያ ለብቻው ጠርቶ ይነግረዋል። የፊዚክስ ዲግሪ ያለው እንኳ ይህን ሳይማር ቢገባ ለራሱ ተናግሮ ይወጣል።

ለርእሰ መምህሩም ሌላ ትምህርት አለው። ጥሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበርና ዲሬክተር ይሁን ይባላል፤ ነገር ግን የባልደረባን ክፍል ገብቶ ማየትና ሳያስቀይሙ ማረም፥ ጥቂቱን ገንዘብ ለጠመኔና ለመጽሐፍ ማብቃቃት፥ የተቈጣ ወላጅን ማነጋገር ከሒሳብ መጽሐፍ አይገኝም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን አቈጣጠር በ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ብዙ ሰው ተማሪውን ሰነፍ አለ። ስንፍና የለም አልልም፤ ሆኖም በ1,100 ትምህርት ቤት ውስጥ ሰነፍ ልጅ ብቻ ተሰብስቦ ነበር ማለት ያስቸግራል። መምህሩን ማን አስተማረው፥ ዲሬክተሩንስ ማን አዘጋጀው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ከእኛ መካከል የዩኒቨርስቲ ምርጫውን ሲሞላ ኮተቤን አንደኛ አድርጎ የሚጽፍ ይኖራል። «ሌላ አጣህ ወይ?» ብላችሁ እንዳታስቀይሩት እለምናችኋለሁ። አንዱ እኔ ነኝ፤ አባቴም እዚህ ተቀምጠው ይሰሙኛል።