የሐበሻ ጥድን በደረቅ ምድር ማልማት፤ ከመትከል ወደ ማጽደቅ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣
ክቡራንና ክቡራት፣



በዩኒየኑ መድረኮች ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን ሁሉም በሚያውቀው፣ ነገር ግን ከየኮረብታው እየጠፋ ባለ አንድ ዛፍ ላይ ነው። እርሱም የሐበሻ ጥድ ነው።

በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉ የጥድ ወገን ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥድና ዝግባ። የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። የሐበሻ ጥድ ግን ከሳዑዲ ዓረቢያና ከየመን ተራሮች ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ዚምባብዌ ድረስ ይገኛል። እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው አባቶች ለምሰሶና ለአጥር ሲመርጡት ኖረዋል። ዛፉን ያመናመነውም ይኸው ጥራቱ ነው። በብዙ ቦታ ትልልቆቹ ጥዶች የሚታዩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው።

ጥድን መትከል አዲስ ነገር አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም ተከላን የሁሉም ሰው ሥራ አድርጎታል። ጥያቄው የተተከለው ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው።

አንድ አርሶ አደር በነሐሴ መጨረሻ 100 የጥድ ችግኝ ተረክቦ፣ ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ በገላጣ ኮረብታ ላይ ተከለ እንበል። በሪፖርቱም 100 ተብሎ ተመዘገበ። በመስከረም ዝናቡ ቆመ፤ የችግኙ ሥር ገና ከፕላስቲኩ አፈር አልወጣም። በኅዳር ፍየል ገባ። የተረፈውን የየካቲት ፀሐይ ጨረሰው። በሚያዝያ አርሶ አደሩ የሚያገኘው ደረቅ ጭራሮ ነው፤ ሪፖርቱ ግን አሁንም 100 ይላል። ይህ አርሶ አደር በሚቀጥለው ክረምት ለተከላ ቢጠራ በሙሉ ልቡ አይወጣም፤ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ድካሙ ስለባከነ ነው።

ጥድ ድርቅ ይችላል ሲባል ሥር የሰደደው ጥድ ነው፤ ችግኙ አይችልም። ሥር ለሰደደውም ቢሆን ወሰን አለው። በትግራይና በአፋር አዋሳኝ በሚገኘው የደሳእ ደን ጥድና ወይራ ቆመው ሲደርቁ ታይተዋል። በሳዑዲ ዓረቢያ የአሲር ተራሮችም በዝቅተኛው ከፍታ ያሉት ጥዶች ከጫፋቸው እየደረቁ ነው። ስለዚህ የጥድ ቦታ ደረቅ ደጋና ወይና ደጋ እንጂ ሞቃታማ ቆላ አይደለም።

በተስማሚው ቦታ ግን የሚከተሉት ሥራዎች ልዩነት ያመጣሉ።

አንደኛ፣ ዘር። ጥድ ወንድና ሴት ዛፉ ለየብቻ ስለሆነ ፍሬ የሚለቀመው ከሴቷ ነው። ፍሬው አረንጓዴነቱን ለቅቆ ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ሲለወጥ፣ ተራርቀው ከቆሙ ብዙ እናት ዛፎች ይለቀማል። ከዚያም በውሃ ታሽቶ ይታጠባል። የሚንሳፈፈው ፍሬ አልባ ስለሆነ ይወገዳል። ዘሩ ለመብቀል ሳምንታት ስለሚወስድ በችግኝ ጣቢያ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ችግኝ። ጥድ ከባሕር ዛፍ ይልቅ በጣም ረዘም ያለ የችግኝ ጣቢያ ጊዜ ስለሚፈልግ ሥራው ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ከመተከሉ በፊት ጥላውና ውሃው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ፀሐይ ሊለምድ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ተከላ። ጉድጓዱ በበጋ ይቆፈራል። ተከላው ዝናቡ እንደጸና፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ይከናወናል። ፕላስቲኩ የግድ ይወልቃል። በታችኛው በኩል ውሃ የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ እርከን ይሠራል። ዙሪያውንም ድንጋይና ደረቅ ሣር ቢለብስ እርጥበቱ ቶሎ አይጠፋም።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥላ ነው። ለተከላ ተብሎ ክትክታውንና ደደሆውን መመንጠር ትልቅ ስህተት ነው። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን የሚጥሉት ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ነው፤ ችግኙም ከፀሐይና ከከብት የሚጠለለው በዚያው ሥር ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት የወይራ ችግኝ በደደሆ ጥላ ሥር ከገላጣ ቦታ ይልቅ እንደሚተርፍ አሳይቷል። ለጥድም ቁጥቋጦው ሞግዚት እንጂ ጠላት አይደለም።

አምስተኛ፣ ቦታው ከከብት ንክኪ ነፃ መሆን አለበት። አባላቱ ሣሩን አጭደው ቢወስዱና ቀፎ ቢያስቀምጡ ግን ጥዱ እስኪደርስ ጥቅም ያገኛሉ።

ክቡራንና ክቡራት፣

ከቴክኒኩ በላይ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ። አርሶ አደሩ «የተከልኩትን ጥድ ነገ መቁረጥ እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው መነሻ አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ለመንግሥት ደን ቢሆንም ፍርሃቱ እስከ አርሶ አደሩ ጓሮ ዘልቋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የግልን፣ የማኅበረሰብን፣ የማኅበራትንና የመንግሥትን ደን ለይቶ እውቅና ሰጥቷል። በመሆኑም አመራሩ የተከለው ማን እንደሆነና ማን እንደሚጠቀም በጽሑፍ አስፍሮ ለባለቤቱ ቢሰጥ፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ጥድን ያስተክላል።

ከዩኒየኑ የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። አባል ማኅበራት በጋራ እናት ዛፎችን ይለዩ፤ ችግኝ ጣቢያቸውን በጊዜ ያዘጋጁ። ከሁሉም በላይ ቆጠራው ከሐምሌ ወደ ሚያዝያ ይዛወር። የበጋውን ፀሐይ ያለፈ 20 ጥድ፣ በሪፖርት ከቀረ 100 ጥድ ይበልጣል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ማኅበራት ተባብረው እህልን ለገበያ እንዳበቁ ሁሉ ጥድንም ለልጅ ልጅ ማድረስ ይቻላቸዋል።

መልካም በዓል ይሁን!