በዓሉ ግርማን ፍለጋ ወደ ቤተ መዛግብት

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሥነ ጽሑፍ ክበባችን አባሎች ስለ ደራሲው በዓሉ ግርማ ለማጥናት ባለፈው ሰሞን በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት የሰነዶች ክፍል ሄደን ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ስላገኘነው ብቻ ሳይሆን ስላጣነውም ጭምር ነው።

ስንሄድ ተስፋ ያደረግነው የእጅ ጽሑፉን፥ የተሰረዘ የተደለዘውን ረቂቅ ለማየት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግን ጥያቄያችንን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ እሱን የምታገኙት ከጋዜጣው ጥራዝ ውስጥ ነው» አሉን። እኛም ቦርሳችንን በር ላይ ትተን፥ በእርሳስ ብቻ እየጻፍን፥ አቧራ የጠገበውን ጥራዝ እንገልጥ ጀመር።

እውነታቸውን ነበር። በዓሉ ደራሲ ከመባሉ በፊት ጋዜጠኛ ነው፤ በመነን፥ በአዲስ ሪፖርተርና በአዲስ ዘመን በአዘጋጅነት ሠርቷል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «ከአድማስ ባሻገር» የቢሮ ሥራና የሥዕል ፍቅር ግራና ቀኝ የሚጎትቱትን አበራን ያሳየናል። ደራሲው ራሱ ቀኑን በጋዜጣ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው እንደነበረ ስናስብ፥ የአበራ ጭንቀት ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም።

በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአስመራ የሆነውን የሚተርክ ነበርና ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተወገደ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ በሥውር እየተላለፈ ተነበበ።

አሁን ወዳጣነው እንምጣ። በዓሉ ተማሪ ሳለ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለውን የተማሪዎች ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። የመጀመሪያ ብዕሩን ለማየት የፈለግነው እዚያ ላይ ነበር፤ የጠየቅናቸውን እትሞች ግን አላገኘንም። በዚያን ጊዜ አንብቦ የጣለውን ተማሪ አንወቅሰውም። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን ከየት ይወቅ?

እኛስ እናውቃለን? ይህች በስቴንስል የምትባዛው ወረቀታችን ስኳርና ቡና መጠቅለያ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ከየእትሙ ሁለት ሁለት ቅጂ፥ ቀኑና የጸሐፊው ስም በግልጥ ተጽፎበት፥ ለቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ለማኅበሩ እናሳስባለን። ድካሙ ጥቂት ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ግን እንደ እኛ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።