ስለ አዳዲስ አነቃቂ ቅመሞች ሱስ አስያዥነትና ስለ መመዘኛው



ሰው አዲሱን ነገር የሚመዝነው አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ነው። በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 የሚኖር ሰው ደግሞ ጫትን አሳምሮ ያውቃል። ቅጠሉ ከአወዳይና ከድሬዳዋ ወገን፣ ቀድሞ በባቡር ኋላም በአውሮፕላንና በመኪና፣ በጥድፊያ ይመጣለታል። ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ሻጮች እስሩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው በየመንገዱ ዳር ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹም ገዝተው ወደ መብረዝ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ስለ ምን እንደ ሆነ የመረመረ ሰው ለዛሬው ጉዳይ መግቢያውን በር ያገኛል።

የጥድፊያው ምክንያት ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ ከለጋው ቅጠል ለይቶ አወጣው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ካቲኖን ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይለወጣል፤ ስለዚህ የዋለ ያደረ ጫት ዋጋ ያጣል። በአንድ ምርመራ በ100 ግራም ለጋ ቅጠል ውስጥ የተገኘው ካቲኖን በአማካይ 36 ሚሊግራም ብቻ ነበር። ቃሚው ይህችን ጥቂት ነገር ለማግኘት ለሰዓታት ማላመጥ አለበት፤ በደሙም ውስጥ ከፍ ብላ የምትታየው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆይታ ነው። እንግዲህ ቅጠሉ ራሱ ልጓም አለው፤ ብዛቱ መንጋጋን ያደክማል፣ አዝጋሚነቱ ጊዜን ይጠይቃል፣ ጠውላጊነቱም ማከማቸትን ይከለክላል።

አዲሶቹ ቅመሞች የዚህ የካቲኖን ዘመዶች ናቸው፤ ነገር ግን ከቅጠል አልወጡም፤ በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። ቀማሚው የንጥረ ነገሩን ቅርጽ በጥቂቱ ይለውጣል፤ በሕግ የተጻፈው ስም የቀድሞው ስለ ሆነ አዲሱ ከሕግ ያመልጣል። ሜፌድሮን የሚባለው በ1929 ተሠርቶ ከተረሳ በኋላ በዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ ተመልሶ መጣ፤ በእንግሊዝ አገርም እስከ 2010 ሚያዝያ ድረስ «የተክል ማዳበሪያ» እየተባለ በግልጽ ይሸጥ ነበር። በዓለም አቀፍ ስምምነት ቍጥጥር ሥር የገባው በ2015 ነው። ሕግ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ «አልተከለከለምና አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ምንኛ ከንቱ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ የሱስ አስያዥነቱ ኀይል በምን ይመዘናል? ሊቃውንት በተለይ ሦስት ነገሮችን ይመረምራሉ። የመጀመሪያው በአንጎል ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ለአንጎል «ይህን ድገም» እያለ የሚነግር መልእክተኛ ነው። ካቲኖንና ሜፌድሮን ዶፓሚንን ከማከማቻው ያስፈስሳሉ፤ ኤምዲፒቪ የሚባለው ሌላው ቅመም ደግሞ እንደ ኮካይን የመመለሻውን በር ይዘጋበታል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። አንድ ነገር ወደ አንጎል በቶሎ በደረሰ መጠን ሱሱ ይበረታል፤ ስለዚህ የሚላመጠውና የሚጨሰው ወይም በመርፌ የሚወሰደው እኩል አይደሉም። ሦስተኛው የድካም ዋጋ ነው። አይጥ መጫኛዋን በተጫነች ጊዜ ጥቂት መድኃኒት በደም ሥርዋ ይገባላታል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መጠን የምትጫነው ቍጥር እየተጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ተስፋ የምትቆርጥበት ቦታ የፍላጎትዋ ልክ ነው። በ2013 በአሜሪካ የስክሪፕስ የምርምር ተቋም ሊቃውንት በገለጡት ውጤት አይጦቹ ለአንድ መጠን ሜታምፌታሚን 60 ጊዜ ያህል ሲጫኑ፣ ለኤምዲፒቪ ግን በአማካይ እስከ 600 ጊዜ ያህል ተጭነዋል።

ይሁን እንጂ አይጥ ሥራ አጥነትን፣ ስደትን፣ የባልንጀራን ግፊት አታውቅም። ደግሞም ቤተ ሙከራው የሚመዝነው ጥሩውንና ያልተቀላቀለውን ነገር ነው፤ በመንገድ በሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የቤተ ሙከራው ፍርድ ከሰው ኑሮ ጋር ካልተጋጠመ ሙሉ አይሆንም።

ይህን ማለት ግን ጫትን ንጹሕ ማድረግ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ በ2006 መርምሮ ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ቍጥጥር ሥር እንዲገባ አላሳሰበም፤ ሱስ የማስያዝ ኀይሉንም ዝቅተኛ ብሎታል። ነገር ግን ዝቅተኛ ማለት የለም ማለት አይደለም። ከምርቃናው በኋላ የሚመጣውን መጫጫንና ዱካክ፣ ለእስሩ ሲባል ከቤት የሚጎድለውን ገንዘብ፣ የካርቲየ 4 እናቶች ያለ ሊቃውንት ምስክርነት ያውቁታል። ልጓም ያለው ፈረስ ይህን ያህል ካደከመ፣ ልጓሙ የወለቀለት ምን ያደርግ ይሆን?

በመብረዝ አጠገብ ያደገ ወጣት ነገ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄድ ይሆናል። በዚያ አንዱ ነጭ ዱቄት አሳይቶ «ይህ እኮ የጫት ዘር ነው፤ አባትህም የሚቅመው ነው» ቢለው፣ ነገሩ ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ በቀላሉ ያታልለዋል። ለእንዲህ ያለው ወጣት ማስፈራራት አይበቃውም፤ አባቱ በየቀኑ ሲቅም እያየ «የሚነካው ይሞታል» የሚለውን አስተማሪ አያምንምና። የሚበጀው ጥያቄን ማስተማር ነው፤ ምን ያህል ነው? በምን ፍጥነት ይደርሳል? በውስጡ ያለውን ማን መሰከረ? ሲቀርስ ምን ያስከፍላል?

መምህር የተማሪውን እጅ በየስፍራው ሊይዝ አይችልም፤ ሚዛኑን ግን በእጁ ሊያስይዘው ይችላል።