በአደጋ ጊዜ የቤተ ሰብ ግንኙነትና የስልክ መስመር አቅም



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በጃፓን የኮቤ ከተማና አካባቢዋ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። ከ6,400 የሚበልጥ ሕይወት ጠፋ። ከሞት የተረፈው ሰው አስቀድሞ የተመኘው «አለሁ» ብሎ ለዘመዱ መንገር፣ በሩቅ ያለው ዘመድም ይህንኑ ቃል መስማት ነበር። ወደ አካባቢው የተደወለው ጥሪ በደኅናው ጊዜ ከሚደርስበት ከፍተኛ መጠን 50 እጥፍ ያህል ሆነ። ስለሆነም መንቀጥቀጡ ያልበጠሰው መስመር እንኳ በጥሪ ብዛት ታነቀ።

ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከስልክ አሠራር መሠረት የሚመነጭ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከዳር እስከ ዳር የብቻ መስመር የሚዘረጋ አገር የለም። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1917 ባወጣቸው ጥናቶች ለስንት ጥሪ ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚሰላበትን መንገድ አሳይቷል። የስሌቱ መነሻ፣ ሰዎች የሚደውሉት እያንዳንዱ በየራሱ ጉዳይና በየራሱ ሰዓት ነው የሚል ነው። አደጋ ግን ሁሉንም ባንድ ደቂቃ ያስደውላል፤ መነሻው ሲፈርስም ስሌቱ አብሮ ይፈርሳል።

ከዚህም በላይ ጥሪው ያልተሳካለት ሰው ደጋግሞ ይሞክራል። የእናቱን ድምፅ ለመስማት አሥር ጊዜ የሚደውል ልጅ ሳያውቀው አምቡላንስ የሚጠራውን ሰው መንገድ ይዘጋል። ሆኖም ሊወቀስ አይገባም፤ ሌላ መንገድ አልተሰጠውምና።

ጃፓኖች ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በማርች 1998 ከፈቱ። ተጎጂው 171 ደውሎ፣ 1ን መርጦ፣ የቤቱን የስልክ ቁጥር ሰጥቶ እስከ 30 ሴኮንድ የሚደርስ ቃሉን ይተዋል፤ ዘመዱም 2ን መርጦ በዚያው ቁጥር ያዳምጣል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ መስመር መያዝ አያስፈልጋቸውም። መልእክቱም በአገሪቱ ልዩ ልዩ ሥፍራዎች ስለሚቀመጥ ጥሪው ሁሉ ወደ ተመታው ከተማ አይጎርፍም። ይልቁንም የሚደነቀው፣ ሕዝቡ እንዲለማመድ አገልግሎቱ በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ክፍት መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በደረሰው መንቀጥቀጥ ደግሞ የጃፓን ታላላቅ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያዎች የድምፅ ጥሪን ከመቶ 70 እስከ 95 ሲገድቡ፣ በዳታ ላይ የጣሉት ገደብ ከመቶ 30 አላለፈም። የጽሑፍ መልእክት ጥቂት አቅም ይበቃዋል፤ መንገድ ቢጠብበትም ተራውን ይጠብቃል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነሥቷል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ተሰምቷል። የኢትዮጵያዊ ዘመድ ብዙ ነው፤ አንድ ቤት ሲነቃነቅ ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን ያለው ሁሉ ስልክ ያነሣል።

መፍትሔውን ግን ዕድር ያውቀዋል፤ አንድ ጥሩንባ ነፊ ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል። እንዲሁም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ርቆ የሚኖር አንድ ዘመድ አስቀድሞ ይምረጥ። በአደጋ ጊዜ ሁሉም ስሙን፣ ያለበትን ሥፍራና ሁኔታውን በአጭር ጽሑፍ ለእርሱ ብቻ ይላክ፤ እርሱም ለሌሎቹ ያድርስ። ስልክ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ እንዳይጠፋ በወረቀት ይጻፍ፤ ጨርሶ መገናኘት ባይቻል የሚሰባሰቡበት ቦታም ይወሰን።

መሐንዲሱም ድርሻ አለው። የጣቢያው ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከአደጋው በፊት መፈተን፣ ለአስቸኳይ ጥሪ ቅድሚያ ማስጠበቅ፣ ሕዝቡም ቃሉን የሚተውበትን ሥፍራ ማዘጋጀት የሙያው ግዴታ ነው። መስመር የቱንም ያህል ቢሰፋ ሁሉን ባንድ ጊዜ አያናግርም፤ «አለሁ» የምትለዋ አንዲት ቃል ግን መንገዷ አስቀድሞ ከተዘጋጀላት ለሁሉም ትደርሳለች።