ከኬላ እስከ ዲክላራሲዮን፦ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍትን ከውጭ ማስገባትና የጉምሩክ ጣጣው

(በባቲ ከተማ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የቀረበ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። «ኮሚክ» የሚባለው የሥዕል ታሪክ መጽሔት፣ ያውም ሰብሳቢዎች እንደ ወርቅ የሚጠብቁት ዓይነት፣ ከባቲ ጋር ምን አገናኘው ያላችሁ ልክ ናችሁ። ጉምሩክ ግን ለባቲ እንግዳ አይደለም። የሰኞ ገበያችን የቆመው የቆላውና የደጋው ዕቃ በሚገናኝበት ደጅ ላይ ነው። አፋሩ ግመሉንና ጨዉን ይዞ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ሁለት ዓይነት ዕቃ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጥንትም ቢሆን ኬላ ነበረ፤ ቆጣሪና ተቆጣሪ ነበረ። «ጉምሩክ» የምንለው ቃል እንኳ ራሱ ስደተኛ ነው። ከላቲኑ የንግድ መጠሪያ ተነሥቶ፣ በግሪክ በኩል ወደ ቱርክ አልፎ፣ ከቀይ ባሕር ንግድ ጋር ወደ እኛ ዘልቋል።

ዛሬም ከጂቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚጓዘው ኮንቴይነር በደጃችን ያልፋል። ጭነቱ የሚፈተሽበት ኮምቦልቻ ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የባቲ ወጣት ከፓሪስ ወይም ከኒው ዮርክ የሚያስመጣት ባለ አንድ መጽሐፍ ጥቅል ግን በዚህ መንገድ አትመጣም። በአውሮፕላን አዲስ አበባ ትገባለች፤ በፖስታ ቤት በኩል ለጉምሩክ ትቀርባለች፤ ባለቤቷም የጥሪ ወረቀት ይደርሰዋል። ሃያ ቶን የጫነ መኪና በበሩ ሲያልፍ የሚያየው ሰው፣ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ጥቅል ለመረከብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ወይም ወኪል መፈለግ ይኖርበታል። ለዚህ ጉዞ የሚወጣው ገንዘብ በየትኛውም የታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ ሆኖም እኔ ከቀረጡ ለይቼ አላየውም።

ኮሚክን ለምን መረጥህ ለሚለኝ አንድ ስም ልጥራ። ሁጎ ፕራት የሚባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በልጅነቱ፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ በወረራው ዘመን ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አባቱ በእንግሊዞች ተማርኮ በምርኮኛነት ሞተ። ልጁ ከእናቱ ጋር በድሬዳዋ የእስረኞች ሰፈር ታሰረ፤ እዚያም ከዘብ ጠባቂዎቹ ኮሚኮችን ይገዛ እንደነበር ይነገራል። በዚያው በድሬዳዋ፣ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት፣ ስለ ንግድና ስለ መንግሥት ገቢ በጥልቀት የጻፈው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቷል። በሰፈሩ አጥር ሥር የተሸጡት እነዚያ መጽሔቶች ለየትኛውም ነጋድራስ ቀረጥ እንዳልከፈሉ እገምታለሁ። ፕራት አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ ከኮርቶ ጓደኞች አንዱ ኩሽ የሚባል የደንከል ተዋጊ ነው። እንግዲህ ከዚህ ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው የአፋር ቆላ በአውሮፓ የመጻሕፍት መደብሮች መደርደሪያ ላይ በሥዕል ተቀምጧል። የባቲ ልጅ ይህን መጽሐፍ ማየት ቢፈልግ ምን ያህል ያስከፍለዋል? የገለጻዬ ጥያቄ ይህ ነው።

መጽሐፉ ጉምሩክ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚነሣው «ስንት ነው?» የሚለው ሳይሆን «ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት፣ በጉምሩክ ሰዎች አነጋገር ኤችኤስ ኮድ፣ የታተሙ ነገሮችን በምዕራፍ 49 ያስቀምጣል። መጽሐፍ 4901 ነው። ጋዜጣና በየጊዜው የሚወጣ መጽሔት፣ ሥዕል ኖረውም አልኖረውም፣ 4902 ነው። የልጆች የሥዕልና የማቅለሚያ መጽሐፍ 4903 ነው። እንግዲህ በየወሩ የሚወጣ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ገጹ ሁሉ ሥዕል የሆነ፣ ነገር ግን ለአዋቂ የተጻፈ ኮሚክ የት ይመደብ? ያው ታሪክ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ሲመጣ 4901 የሚል ሠራተኛ፣ በስስ ወረቀት ሲመጣ 4902 ቢል አልፈርድበትም። ሥዕሉን ብቻ አይቶ 4903 የሚለው ግን ጽሑፉ ለሥዕሉ አጃቢ ብቻ መሆን አለመሆኑን መመርመር ነበረበት። ከሁሉ የሚከፋው ከምዕራፉ ጨርሶ መውጣት ነው፤ ፕላስቲክ ሽፋኑ ታይቶ «ጌጣጌጥ» ወይም «መጫወቻ» የተባለ እንደሆነ ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ሌላ በርም አለ። በዚሁ ሥርዓት 9705 የሚለው አንቀጽ ታሪካዊና መሰል ፋይዳ ያላቸውን የስብስብ ዕቃዎች ይመለከታል። 9706 ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ ዕድሜ ላላቸው ጥንታውያን ዕቃዎች ነው። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 የታተመው በ1938 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ለ9706 ገና አልደረሰም። ያን ጊዜ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህ ዕቃ መጽሔት ነው ወይስ ቅርስ? የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በ1985 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት መለኪያ አስቀምጧል፦ ዕቃው በአንጻራዊነት ብርቅ ሊሆን፣ ለተሠራበት አገልግሎት በተለምዶ የማይውል፣ ከተራው ገበያ ውጭ በልዩ ግብይት የሚሸጥ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ሊሆን ይገባል። ይህ ፍርድ እኛን አያስገድድም፤ ነገር ግን ጥሩ ማሰቢያ ነው። በመለኪያው ሲታይ ማንም የማያነብበው የ1938ቱ ቅጂ የስብስብ ዕቃ ነው፤ ልጁ ሊያነብበው ያዘዘው የፕራት መጽሐፍ ግን መጽሐፍ ነው። ሁለቱንም «ኮሚክ» ብለን ስለጠራናቸው ብቻ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በኢትዮጵያ የጉምሩክ ቀረጥ ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣና የመድን ወጪ ተደምሮበት ነው። ከዚያ ቀረጡ የተጨመረበት ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ ሱር ታክስ ለሚመለከታቸው ዕቃዎች 10 በመቶ ይታሰባል። ኤክሳይዝ ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ ከቀረጡ ቀጥሎ በመሀል ይገባል። አንዱ በሌላው ራስ ላይ እየተጫነ የሚሄድ ነው፤ እንደ እንጀራ መሶብ ውስጥ ይነባበራል።

መጽሐፉ 20 ዶላር፣ የአየር ማጓጓዣውና መድኑ 60 ዶላር ነው እንበል። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን በ100 ብር ብንይዘው መነሻው 8,000 ብር ይሆናል። ዕቃው በክፉ ዕድል ከመጻሕፍት ምዕራፍ ወጥቶ ከፍተኛው ቀረጥ ካረፈበት፣ ቀረጡ 2,800 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 1,620 ብር፣ ሱር ታክሱ 1,242 ብር ነው። ሲደመር 5,662 ብር። የመጽሐፉ የራሱ ዋጋ 2,000 ብር መሆኑን አትርሱ። ባለቤቱ ከመጽሐፉ ዋጋ ሦስት እጥፍ የሚቃረብ ግብር የሚከፍለው በአብዛኛው አውሮፕላኑ ስለበረረበት ነው። ይህ የታሪፍ አውጪው ክፋት አይመስለኝም፤ ሕጉ የታሰበው ለኮንቴይነር ነው፤ በኮንቴይነር የመጣ አንድ መጽሐፍ የማጓጓዣ ድርሻው ጥቂት ሳንቲም ነው። የተጎዳው አንድ መጽሐፍ ብቻ ያስመጣው ሰው ነው።

የምንዛሬው ለውጥም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በቀድሞው ምንዛሬ ከላይ ያልኩት ክፍያ 3,227 ብር ገደማ ነበር። የቀረጡ መጠን በመቶኛ አንዲት ነጥብ ሳይጨምር ክፍያው በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ።

ወደ ሌላው እሾህ ልለፍ። በውጭ ድርጅት ለመግዛት የውጭ ምንዛሬ ያስፈልጋል፤ የባቲ ልጅ ደግሞ የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ስለዚህ ጂዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ትገዛለታለች። ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ይህ ነው። እህቲቱ በፖስታ ከላከችው ያየነው ስሌት ይጠብቀዋል፤ በሻንጣዋ ይዛው ከመጣች የመንገደኛ የግል ዕቃ ሆኖ በወሰኑ ውስጥ ያልፋል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ አንባቢ፣ ሁለት የተለያየ ዕጣ። በብዛት ካመጣች ደግሞ «ለንግድ ነው» መባሉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የፍራንኮ ቫሉታ ጥያቄ ይነሣል። አሥር የተለያዩ ቁጥሮች ያሉት አንድ ተከታታይ ታሪክ ለሰብሳቢው አንድ ዕቃ ነው፤ ለፈታሹ ግን አሥር ነው።

ስለ ፍተሻው ጥቂት ልበል። ውድ ኮሚክ ደረጃ በሚያወጡ ድርጅቶች ተመርምሮ፣ ከ10 ነጥብ ተሰጥቶት፣ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ይታሸጋል። እሽጉ ከተሰበረ ደረጃው ይሰረዛል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የጉምሩክ ሠራተኛ ጥቅል የመክፈት ሥልጣን አለው፤ ሊኖረውም ይገባል፤ በመጽሐፍ ውስጥ ምን ሊደበቅ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ነገር ግን ካርቶኑን መክፈትና ፕላስቲኩን መስበር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከውጭ በግልጽ የሚታይን ነገር ለማየት ቢላ አያስፈልግም። ላኪው በጥቅሉ ላይ ይህንን በአጭር ቃል ቢጽፍ፣ የዋጋ ደረሰኙንም ከውጭ ቢያያይዝ፣ የብዙ ሰው ለቅሶ ይቀር ነበር።

ነገሩን ከሌላው ጎን እንየው። የእኛው የሰኞ ገበያ የሚሸጠው የብር ጌጥና የማሪያ ቴሬዛ ብር በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የሚፈለግ ነው። ያረጀ ጌጥ ይዞ ለመውጣት የሚፈልግ እንግዳ በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ተገቢም ነው። በዚህ በኩል መንግሥት የስብስብ ዕቃ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ሲወጣ ቅርስ የሚባለው ዓይነት ዕቃ ሲገባ ተራ ሸቀጥ መሆኑ ግን ያስገርመኛል።

ይህ ሁሉ የጥቂት ሰብሳቢዎች ቅንጦት ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ «ሀዊ» የተባለችው ጀግናም ተከተለች። ሥዕል የሚማር ሰው የሌሎችን ሥራ በወረቀት ላይ ማየት አለበት፤ መስመሩ የት እንደ ወፈረ፣ ቀለሙ እንዴት እንደ ተነጠበ በስልክ መስተዋት ላይ አይታይም። በከሚሴና በባቲ ትምህርት ቤቶች በደብተራቸው ጀርባ ግመልና ጀግና የሚሥሉ ልጆች አሉ። 5,662 ብር ለእነርሱ ቁጥር አይደለም፤ የተዘጋ በር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ በእጃችሁ ያለውን መጀመሪያ ተጠቀሙ። በፖስታው መግለጫ ላይ «ስጦታ» ብላችሁ አታድበስብሱ፤ «የታተመ መጽሐፍ» ብላችሁ፣ የአሳታሚውን ስምና የገጹን ብዛት ጻፉ። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ጥቅሉ ቢጠፋ ካሳውን ያሳንሳል፤ ቢታወቅም ቅጣት ያመጣል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የዋጋ አተማመን ዘዴዎችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ መነሻው በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ነው። ስለዚህ የባንክ ወይም የካርድ ማስረጃ ከደረሰኙ ጋር ይኑራችሁ። ምደባው ካልተስማማችሁ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ ከዚያም ወደ ፌዴራል ግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን የሚያደርስ መንገድ አለ። ለአንድ መጽሐፍ ማን ይግባኝ ይላል ትሉ ይሆናል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በጋራ ቢያዝዝ ግን አንድ አቤቱታ ለሠላሳ መጽሐፍ ይሆናል፤ ማጓጓዣውም ለሠላሳ ይካፈላል።

ከመንግሥት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በፖስታ ለሚመጣ አንድና ሁለት መጽሐፍ የማጓጓዣው ወጪ ከስሌቱ ይውጣ። ከላይ ባየነው ምሳሌ፣ ያው ከፍተኛ ቀረጥ እንዳለ ሆኖ፣ ክፍያው ከ5,662 ብር ወደ 1,415 ብር ከ50 ሳንቲም ይወርዳል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በመጀመሪያ ከኋላ ለቆሙት ተማሪዎች ዕድል እሰጣለሁ።